ፍርሃቱ ቀድሞ መጣ፣ በሽታው ዘግይቶ፤ ኮሮና በአንድ የፒያሳ ግቢ

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ወርሃዊ መዋጮ እመዘግባለሁ፣ የቀረበትን አስታውሳለሁ፣ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ገንዘብ አስፈርሜ እሰጣለሁ። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. የያዝኩትን መዝገብ በቅርቡ አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። በዚያን ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ይናገራቸው ከነበሩት ቁጥሮች ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። እጅግ በፈራንበት ወቅት በሽታው ሰፈራችን አልደረሰም ነበር። ሲደርስ ደግሞ ፍርሃታችን አልቆ ነበር።

ይህን በደንብ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ምክንያቱም ስለ ኮሮና ሲወራ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መጋቢትና ሚያዝያ 2012 ብቻ ነው። ባዶ መንገድ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ጓንት ያጠለቀ ባለሱቅ። እኛ ሰው ያጣነው ግን ያኔ አይደለም።

ግቢያችን ፒያሳ ነበር፣ ከአትክልት ተራ ብዙም አይርቅም። የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ሰባት ቤት፣ ሠላሳ አንድ ሰው፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። የአንዱ ቤት ግድግዳ ለጎረቤቱም ግድግዳ ነው፤ ማታ ማን እንዳሳለ ሁላችንም እንሰማለን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በመጣ ቀን ጀሪካን ተሰልፎ ይሞላል። ቡና በየተራ ይፈላል። ይህን የምነግራችሁ «ቤትዎ ይቆዩ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ፣ እጅዎን ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ» የሚለው ምክር እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ሲገባ ምን ሊሆን እንደሚችል እንድታስቡት ነው።

ወሬው የደረሰን በገና ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ቻይና ውስጥ ዉሃን በምትባል ከተማ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች መታየቱ ለዓለም ጤና ድርጅት ተነገረ። ጥር 21 ቀን ድርጅቱ ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ አደጋ ብሎ አወጀ። የሚመሩት የእኛው አገር ሰው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ስለነበሩ ግቢው ውስጥ ዜናውን በተለየ ጆሮ ነበር የምንሰማው። መጀመሪያ ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ጥር መጨረሻ ገደማ ምርመራው እዚሁ ፓስተር፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጀመረ። መጋቢት 2 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ አለው። በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን አልረሳውም። ሎሚ ጠፋ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ዋጋቸው በሰዓታት ውስጥ ተሰቀለ። ፋርማሲ በር ላይ ማስክና አልኮል የሚፈልግ ሰው ተሰለፈ። ግቢያችን ውስጥ የዳማከሴና የፌጦ ሽታ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስልክ ሲደወል ከጥሪው በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ድምፅ ይመጣ ነበር። 8335 የሚለውን የኮሮና መረጃ መስጫ ስልክ ቁጥር ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ፤ የ60 ዓመት ሴት። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተደረገ። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ ጫነ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። አትክልት ተራ ከነጫጫታው ተነስቶ ጃን ሜዳ ሄደ። እኛ ሰፈር ማለዳ የሚቀሰቅሰን የአትክልት ተራ ጫጫታ ነበር፤ የዚያን ሰሞን የነቃሁት በጸጥታው ነው።

የፋሲካ ለሊት፣ ሚያዝያ 11፣ ሁላችንም እቤታችን ነበርን። አራዳ ጊዮርጊስ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆንም ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የሰማነው። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጧፋቸውን አብርተው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። የ84 ዓመት አሮጊት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው አስቀደሱ። የሁላችንም እናት ናቸው፣ ስለዚህ እማማ ብቻ እላቸዋለሁ።

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ታማሚ ከ200 ያነሰ ነበር። የሞተው ሰው በጣት የሚቆጠር። የፍርሃታችን ጣሪያ ግን ያኔ ነው።

ግቢው በዚያ ጊዜ የሠራውን ሥራ ሳስበው እስከ ዛሬ እኮራለሁ። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ተቀመጠ፤ ጎኑ ላይ ሳሙና በገመድ ተንጠልጥሏል። ሳይታጠብ የሚገባ የለም፣ እንግዳም ቢሆን። የሽንት ቤቱ እጀታ ጠዋትና ማታ በበረኪና ይጠረጋል፣ ተራው በር ላይ ተለጥፏል። ውሃ በማይመጣበት ቀን ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ በፊት በውሃ የሚጣሉት ሁለት ቤቶች እንኳ ያን ሰሞን ታርቀው ነበር። ጎረቤታችን የሆነች ነርስ ለሁሉም አስተማረች። ማንም «አያገባሽም» አላላትም።

ከባዱ ፈተና የመጣው ሚያዝያ ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤታችን በኩላሊት ሕመም አረፈ። ከኮሮና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ለዓመታት የታመመ ሰው ነው። ግን እንዴት ይለቀስ? የእድሩ ሰብሳቢ፣ ጋሽዬ የምንላቸው ሰው፣ አምስታችንን ጠርተው ግቢው መሐል ተራርቀን ቆምን። «ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜዬ ድንኳን ሳይተከል የተቀበረ የእድራችን አባል አላየሁም» አሉ። ዝም አልን። ቆይተው «ነገር ግን ለቅሶ ደርሶ ሌላ ለቅሶ ይዞ የሚሄድ እንዲኖር አልፈልግም» አሉ። ድንኳን አልተከልንም። ለቅሶ ደራሽ እጁን ታጥቦ አራት አራት እየሆነ ገባ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ወጣ። ለምግብ የሚወጣውን ገንዘብ ለባለቤቱ በእጇ ሰጠናት። ቀብር የሄዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ ማታ በራፏ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ሦስት ቀን ሰው ከቤቷ መጥፋት አልነበረበትም። ውሳኔው ትክክል እንደነበር አምናለሁ፤ እሷን ግን ጎድተናታል። ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ሰኔ መጣ፣ ሐምሌ መጣ፣ ግቢያችን ውስጥ የታመመ የለም። ቁጥሩ እየጨመረ ነበር፤ በነሐሴ የአንድ ወር የምርመራ ዘመቻ ሲካሄድ ነሐሴ ሳያልቅ ከ50,000 አለፈ። ቦሌ ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆኗል። ግን እኛ የምናውቀው ሰው አልታመመም። ሰው ደግሞ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው። አምስት ወር ከልጆቹ ተራርቆ፣ ገቢው ተቋርጦ፣ ለቅሶ እንኳ ሳይቀመጥ ከርሞ አንድም የሚያውቀው ሰው ካልሞተ «ታዲያ ይሄ ነገር የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። በሞኝነት አይደለም። ታክሲ ውስጥ «ኮሮና የለም እኮ» የሚል ሰው ሁሉ የበላው ዳቦ ያነሰበት ሰው ነበር።

2012 ሊያልቅ ሲል አዋጁ አበቃ። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ መከፈት ጀመሩ። በጥቅምት መጨረሻ ሰሜን ላይ ጦርነት ተጀመረና የሁሉም ሰው ጆሮ ወደዚያ ዞረ። የበርሜሉ ሳሙና አለቀ፣ የተካው የለም። መቼ እንዳለቀ እንኳ አላስታውስም። በርሜሉን አንዷ ጎረቤት ለልብስ ማጠቢያ ወሰደችው።

ኅዳር 12 ቀን 2013 ማታ እንደ ልማዱ ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ተቃጠለ። ልጆቹ እሳቱ ዙሪያ ይጯጯሃሉ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ይሄ ለምን እንደሚጨስ ታውቃላችሁ?» አሉ። ልጆቹ «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» አሉ። «ምኑ ነው የሚታጠነው?» ዝም።

ነገሯቸው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባም ገብቶ ነበር። በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በዚህች ያኔ ትንሽ በነበረች ከተማ ብቻ ወደ 10,000 ሰው ሞተ የሚል ግምት አለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። የኅዳር በሽታ የተባለው ይህ ነው፤ ኅዳር 12 ጭስ ማጨሱም የመጣው ከዚያ ነው። የእማማ እናት ያኔ ልጅ ነበሩ። ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ሳምንት ሞቱ። «ቀባሪ ጠፋ ትለኝ ነበር እናቴ፣ የሞተውን አልጋው ላይ ትተው የሚሞተውን ያስታምማሉ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ፣ ያ በር ላይ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» አሉኝ። ነገ እናስተካክላለን አልኩ። አላስተካከልነውም።

መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ላይ በሽታው በሙሉ ኃይሉ ደረሰ። በአንዳንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰው ቫይረሱ ይገኝበት ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞላ፣ ኦክስጅን እጥረት ሆነ። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥሩን ያወጡ ነበር፤ ሰው ግን ማንበብ ትቷል። ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው» ተለጥፏል፣ ሰው ማስኩን ከኪሱ አውጥቶ በሩን አልፎ መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

አንድ የተሳሳትነው ነገር እዚህ ጋ ልናገር። ዓመቱን ሙሉ ስለ እጅ ነበር የምናስበው። እጅ መታጠብ ጥሩ ነው፣ ጉዳት የለውም። ቫይረሱ ግን በዋነኛነት የሚተላለፈው በአንድ ክፍል ውስጥ በምንተነፍሰው አየር ነበር። በጠባብ ቤት፣ በተዘጋ መስኮት፣ ረጅም ሰዓት አብሮ በመቀመጥ። ምልክት የሌለበት ሰውም ያስተላልፋል። እኛ ደግሞ መስኮት እንዘጋለን። ታክሲ ውስጥ ወያላው «እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱት» ሲል «ንፋስ ይመታኛል ልጄ» ይባላል፣ ጉዳዩ ያበቃል። ምች ይመታኛል ብሎ የሚፈራ ሕዝብ መስኮት እንዲከፍት መጀመሪያ ምች የሚባለውን ነገር አንስቶ ማነጋገር ያስፈልግ ነበር። በየማስታወቂያው የታጠበ እጅ አየን፤ የተከፈተ መስኮት ያየሁበትን ማስታወቂያ አላስታውስም።

ክትባቱ መጥቷል ያኔ። የካቲት 28 ቀን 2013 ክትባት ለአገሮች በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል 2.184 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ የተባለ ክትባት ቦሌ ደረሰ። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ውስጥ መስጠት ተጀመረ፤ መጀመሪያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው። ነርሷ ጎረቤታችን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆና ተከተበች። ግን በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 6፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን በደም መርጋት ስጋት ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ቆይተው መልሰው ጀመሩት። እኛ ጋ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ዜና ነው። እማማ ተራቸው ሲደርስ «ይሄ ወሬ ይጥራና እሄዳለሁ» አሉ። ልጃቸውም «ትቆይ» አለች። እኔም አልገፋፋኋቸውም። ፈረንጅ ያቆመውን ክትባት ለ85 ዓመት ሰው ውሰጂ ብዬ ልናገር አፌ እሺ አላለኝም።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግቢው ውስጥ ሳል ተሰማ። በመጀመሪያ አንድ ቤት፣ ከዚያ ሦስት። «ጉንፋን ነው» ተባለ። እማማ ለሁለት ቀን ምግብ አስጠላቸው፣ በሦስተኛው ቀን ተነስተው ቡና አፈሉ። ነርሷ ልትጠይቃቸው ገብታ ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ አደረገችላቸው። 82 አለ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ በራሷ ጣት ሞከረችው፣ 97። መልሳ እማማ ላይ፣ 81። እማማ ሲኒ እያቀረቡ «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ» አሏት። አንዳንዱ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ኦክስጅን ተሟጦ እንኳ ትንፋሽ ማጠሩ አይታወቀውም፤ ይህ የዚህ በሽታ ክፉ ጠባዩ ነው። ነርሷ ባትገባ ኖሮ እኛ «ተሽሏቸዋል፣ ቡና አፈሉ እኮ» እያልን ነበር።

የልጅ ልጃቸውና እኔ ይዘናቸው ወጣን። ሁለት ቦታ አልጋ የለም ተባልን። ሦስተኛው ቦታ ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጡን፤ ኦክስጅን ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ተገኘ። የሠራተኞቹ ዓይን ከድካም ቀልቶ ነበር፣ አንዷ ወጣት ሐኪም ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስታንቀላፋ አይቻለሁ። እማማ ስድስት ቀን ቆዩ። ከፋሲካ በፊት አረፉ።

ለቅሷቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። በኩላሊት ለሞተው ጎረቤታችን ያልተከልነውን ድንኳን በኮሮና ለሞቱት እናታችን ተከልን። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሸራው ተጋርዶ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ። ጋሽዬ «ይቅር» ብለው ነበር። የሰማቸው የለም። «አምና ያደረግነውን አይተናል፣ ለእማማስ እንዲያ አይደረግም» ተባለ። እኔም ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነኝ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት በመዝገቡ ላይ ሌሎች ሦስት አረጋውያን አሉ። አንዳቸውም አልተመረመሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠን ብሎ አለፈ። ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ምክንያት ክትባት ወደ ውጭ መላክ ስላቆመች ሁለተኛው ዶዝ ለብዙ ሰው ዘገየ። ግቢው ውስጥ ግን ከእማማ በኋላ ለመከተብ «ይቆይ» ያለ የለም፤ ልጃቸው የመጀመሪያዋ ነበረች። በክረምቱ መጨረሻ ሌላ ማዕበል መጣ። ታኅሣሥ 2014 ላይ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲገባ በቀን ከ4,000 በላይ የተመዘገበበት ጊዜ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ባንዴ ጉንፋን ያዘው ያልነው እሱን ነው። ግቢያችን ውስጥ ያልተኛ ሰው አልነበረም፣ የሞተ ግን የለም። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት ድንገተኛ አደጋው አብቅቷል አለ። እስከዚያ በአገራችን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው በምርመራ ተረጋግጦበታል፣ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈረንጅ ዓመታት፣ በ2020 እና 2021፣ በዓለም ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ያለቀውን ሰው ድርጅቱ 14.9 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። በየአገሩ ከተመዘገበው ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

ያ ልዩነት ከየት እንደመጣ እኔ በመዝገቤ አይቼዋለሁ። የእድር መዝገብ ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የተከፈለ ብር አለ፣ ፊርማ አለ። የሞት ምክንያት የሚል ዓምድ የለም። ከእማማ ስም ጎን በእርሳስ «ኮሮና» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሦስቱ ጎን ምንም አልጻፍኩም። ቤተሰቦቻቸው «በአጭር ሕመም» ነው ያሉኝ።

በ2016 ሰፈራችን ፈረሰና ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን። እድሩ አልፈረሰም፣ በወር አንዴ እንገናኛለን። በቀደመው ኅዳር 12 የእማማ የልጅ ልጅ ማታ ደወለልኝ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ቆሻሻ ማቃጠል አይቻልም። ሚስቱ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ዕጣን አጭሳለች። ትንሿ ልጁ ለምንድነው ብላ ጠይቃው ነው የደወለው፤ «አያቴ ያን ማታ እንዴት ነበር የጀመረችው?» አለኝ። ከበርጩማው ጀምሬ ነገርኩት። ስልኩን ከፍ አድርጎ ልጅቷም እንድትሰማ አደረጋት፣ በሩንም ክፍት ተወው፤ የመንገዱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።